«እረኛዬ ነው» ካልኩ ለምን አጣሁ? ስራ መፈለጌስ አለማመን ነው ወይ? (ከጅማ ለጠየቅሽኝ እህት)

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ መልሱ ስለሚረዝም ልጁ ሲተኛልሽ አረፍ ብለሽ አንብቢው።

ሌላ የሚያነብ ሰውም ነገሩ እንዲገባው ያልሽውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ባለቤትሽ ተበድሮ ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ገዝቶ መጋዘን ካስገባ በኋላ ዋጋው ወርዶበት ከሰረ። አንቺ ደግሞ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለሺ የምትሰሪበት መስሪያ ቤት ቦታሽን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ጠበቀሽ። አሁን የአምስት ወር ልጅ ታቅፈሽ ኪራይ ቤት ውስጥ ነሽ። አንድ አገልጋይ "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚያሳጣኝም የለም ይላል ቃሉ፣ አንቺ ካጣሽ እረኛሽ አላደረግሽውም ማለት ነው" አለሽ። ሌላው ደግሞ "እረኛ የሚባዝን ጠቦት ሲያስቸግረው እግሩን ሰብሮ ይሸከመዋል፣ ያንቺንም እግር የሰበረው እንድትጠጊው ነው" አለሽ፣ እሱ ላይ ጨምሮ ተበድረሽም ቢሆን የዘር ብር (በረከት ያመጣልሻል ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ) አምጪ ብሎሻል። አጋሮ ያለችው አክስትሽ አንድ የቡና ገበሬዎች ማህበር የሂሳብ ሰራተኛ እየፈለገ ነው፣ ልጁንም እኔ እይዝልሻለሁ ብላሽ ነበር፣ አንቺ ግን "መሯሯጥ አለማመን ነው፣ ዝም ብለሽ ጠብቂው" ስለተባልሽ ማመልከቻ ሳታስገቢ ቆየሽ። ጎረቤትሽ ሙስሊም እናት በየቀኑ ማለት ይቻላል ምግብ ይልኩልሻል፣ እሱንም መቀበልሽ ልክ ይሁን አይሁን ግራ ገብቶሻል። ሌሊት ልጁ ተኝቶልሽ እንኳ እንቅልፍ እምቢ እንዳለሽም ጽፈሻል።

እኔ እዚሁ ጅማ ብሉይ ኪዳን ነው የማስተምረው፣ ከዛ በፊት ግን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ዴዶና ሰቃ ገጠር ውስጥ ሰርቻለሁ። ስለዚ ስለ መዝሙሩም ስለ በጉም የምልሽ ነገር አለኝ።

ዋናውን አስቀድሜ ልበልሽ፣ ማመልከቻውን አስገቢ። ቀኑ አላለፈም ከሆነ ነገ ጠዋት አስገቢ፣ ካለፈም ደውለሽ ጠይቂያቸው። በእግዚአብሔር መደገፍ ከስራ ፍለጋ ጋር ተጣልቶ አያውቅም፣ ለምን እንዲህ እንደምል ከታች አሳይሻለሁ።

መጀመሪያ ግን የተሰበረው እግር። እህቴ ይሄ ታሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ከዘፍጥረት እስከ ራዕይ ብትፈልጊ አንድም ቦታ ላይ ጠቦቱን ለማስተማር ብሎ እግሩን የሰበረ እረኛ አታገኚም። መድረክ ላይ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ኖሮ ቃለ እግዚአብሔር እስኪመስል ድረስ የተለመደ ወሬ ነው። እንደ ሐኪምም ልንገርሽ፣ እግሯ የተሰበረ በግ ምን እንደምትመስል አይቻለሁ። በሶስት እግሯ ቆማ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ ሳር ፊቷ ብታደርጊላት ዞር አትልም፣ መንጋው ሲንቀሳቀስ ሁለት ሶስት እርምጃ ትዘልና ትወድቃለች። በቀርከሃና በጨርቅ አስረን ብናቆማት እንኳ አጥንቱ እስኪገጥም ሳምንታት ይፈልጋል፣ እስከዛ ሳርም ውሃም እያመጣሽላት ነው የምትኖረው። አሁን ይሄን ይሁዳ ምድረ በዳ ላይ አስቢው፣ እረኛው በየቀኑ ሳር ፍለጋ ውሃ ፍለጋ ነው የሚሄደው፣ መሄድ የማትችል በግ እዛ ማለት ወይ ትከሻው ላይ ናት ወይ የአውሬ ራት ናት። የትኛው እረኛ ነው ታዲያ አውቆ እግር የሚሰብረው? በትሩ ለአውሬው ነው። ዳዊት ሳኦል ፊት ቆሞ ስለ እረኝነቱ ሲናገር ያወራው አንበሳና ድብ መጥቶ ጠቦት ሲወስድበት ተከትሎ ከአፉ እንዳስጣለ ነው፣ 1ኛ ሳሙኤል 17 ላይ ታገኚዋለሽ። ከአውሬ አፍ ያስጣለ ሰው ጠቦቱን ራሱ አይሰብርም።

እንደውም መሰበር የሚባለው ነገር ከእረኛ ጋር ተያይዞ በግልጽ ከተነሳባቸው ቦታዎች አንዱ ሕዝቅኤል 34 ነው፣ እዛ ደግሞ የተባለው ተቃራኒው ነው። ሕዝቅኤል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ከንጉሡ ከዮአኪን ጋር ወደ ባቢሎን ከተጋዙት አንዱ ነበር። ምዕራፍ 33 ላይ ከኢየሩሳሌም ያመለጠ ሰው መጥቶ ከተማዋ መውደቋን ይነግራቸዋል፣ ይሄ የ586ቱ ጥፋት ነው። ቤት የለ፣ መቅደስ የለ፣ ሀገር የለ። ልክ ከዛ መርዶ ቀጥሎ ነው ምዕራፍ 34 የሚመጣው። እውነት ነው ሕዝቅኤል ስለ ህዝቡ ኃጢአት በሌላ ቦታ ብዙ ተናግሯል፣ እዚህ ምዕራፍ ላይ ግን ቁጣው መጀመሪያ የወረደው በጎቹ ላይ ሳይሆን እረኞቹ ላይ ነው፣ ጮማውን በላችሁ፣ ጠጉሩን ለበሳችሁ፣ የደከመውን አላጸናችሁም፣ የተሰበረውን አልጠገናችሁም ይላቸዋል። ከዛ እግዚአብሔር ራሱ እመጣለሁ ይልና "የተሰበረውንም እጠግናለሁ" ይላል ቁጥር 16 ላይ። ጠጋኝ ነው። ያ አገልጋይ ሰባሪ አድርጎ ነው ያቀረበልሽ። የዘር ብሩን ነገር ደግሞ ይሄው ምዕራፍ ጨርሶታል፣ ከከሰረ ቤት፣ ጡት ከምታጠባ እናት፣ ያውም ተበድረሽ አምጪ የሚል ሰው ጠጉሩን የሚለብሰው እረኛ ነው። አትስጪ። በዚህ የሚቀርብሽ አንድም በረከት የለም።

አንድ ሰው "ያዕቆብስ ጭኑ ተነክቶ አላነከሰም ወይ" ሊልሽ ይችላል። አንክሷል። ግን እሱ ሌሊቱን ሙሉ ካልባረክኸኝ አልለቅህም ብሎ የታገለ ሰው ታሪክ ነው፣ ሲነጋም በዛው እግሩ ሄዶ ከወንድሙ ተገናኝቷል። የእግዚአብሔር ተግሳጽ የሚባል ነገር የለም እያልኩሽም አይደለም፣ አለ። የሌላ ሰው ችግር ላይ ቆሞ "ይሄ ተግሳጽ ነው" ብሎ የመፍረድ ስልጣን ግን ለማንም አልተሰጠም። የኢዮብ ጓደኞች ያደረጉት እሱን ነው፣ መጨረሻ ላይ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በነሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ መዝሙሩ ልምጣ፣ በኦርቶዶክሱ ዳዊት 22ኛው ነው እኛ ጋ 23ኛው፣ ቁጥሩ የተለያየው ግሪኩ ትርጉም 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው፣ መዝሙሩ ግን ያው ነው። እኛ የጅማ ሰዎች ይሄን መዝሙር ስናነብ አንድ ነገር ያሳስተናል፣ ሀገራችን አረንጓዴ ነው። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። ከከተማ ወጥተሽ ወደ ዴዶ መንገድ ስትሄጂ በእርሻው ወቅት በጉ ችካል ላይ በገመድ ታስሮ መንገድ ዳር ሲግጥ ታያለሽ፣ ሳሩ ጉልበቱ ድረስ ነው፣ ጠባቂው አንድ ትንሽ ልጅ ነው፣ ስራውም ሳር መፈለግ ሳይሆን በጉ የጎረቤት በቆሎ ውስጥ እንዳይገባ ማየት ነው። ስለዚ "በለመለመ መስክ ያሳድረኛል" ስንል ጭንቅላታችን ውስጥ የሚመጣው ሁሌ የማያልቅ ሳር ነው፣ አንዴ እዛ ከገባሽ በቃ የማትነቃነቂበት። ከዛ ሳሩ ሲያልቅብን እረኛው ጥሎን የሄደ ይመስለናል።

ዳዊት ያደገበት ቦታ እንደዛ አይደለም። ከቤተልሔም ወደ ምስራቅ መውረድ ስትጀምሪ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሙት ባህር ጋ ትደርሻለሽ፣ ከባህር ጠለል በታች 430 ሜትር አካባቢ ማለት ነው፣ እዛ ታች የዓመቱ ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ቤተልሔም ላይ እርሻ አለ፣ ትንሽ ወረድ ስትይ ድንጋይና አቧራ ነው። ዝናቡ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ መጣ መጣ ይላል፣ ከዛ በጋውን ሙሉ ጠብ አይልም። ዝናብ ሲነካው ኮረብታው ላይ ስስ አረንጓዴ ነገር ብቅ ይላል፣ በጎቹ እሱን ነጨት ነጨት አድርገው ያልፋሉ፣ ነገ ሌላ ቦታ ነው። እዛ ሀገር እረኛ የሚያስፈልገው ሳሩ የቱ ጋ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው፣ ውሃውም እንደዛው። በጓ አታውቅም። ለነገ የሚሆን ሳር እረኛው ያውቃል እንጂ እሷ አንድም ቀን በዓይኗ አይታው አታድርም። የኛ እረኛ ከኋላ እየነዳ ነው የሚሄደው፣ ጌታ ዮሐንስ 10 ላይ የተናገረው እረኛ ግን በፊታቸው ይሄዳል፣ ድምፁን ያውቃሉና ይከተሉታል ነው ያለው።

ስለዚ "የሚያሳጣኝም የለም" ያለው ሰው ጎተራው ሞልቶ አይደለም። እዛው መዝሙር ውስጥ የሞት ጥላ አለ፣ ጠላቶች አሉ። የሰውየው መተማመኛ የዛሬውን አብልቶት የነገውን የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊቱ እየሄደ መሆኑ ነው። የኛም ሰው የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም ይላል፣ የሚያወራው ስለ ዛሬ ማታ ነው። ጌታም ሲያስተምረን የዕለት እንጀራችንን ነው በሉ ያለን፣ መናውም ለነገ ብለው ሲያስቀምጡት ይተላ ነበር። አንቺ ያጣሽው ብዙ ነው፣ እሱን ማንም እንዲያሳንስብሽ አትፍቀጂ፣ ግን ከደብዳቤሽ ላይ አንድ ነገር አነበብኩ፣ ልጁ አንድም ቀን ሳይጠባ አላደረም ብለሻል። እንዴት እንደሆነም ራስሽ ጽፈሽዋል፣ አንድ ቀን ጎረቤትሽ፣ አንድ ቀን እህትሽ፣ አንድ ቀን ባለቤትሽ መጋዘን ጆንያ ተሸክሞ ያመጣት ብር። ይሄ እረኝነት ነው። በመጠኑ ትንሽ ነው፣ የሚያስለቅስም ነው፣ ግን እረኝነት ነው።

ዝም ብለሽ ጠብቂ ወዳሉሽ ልሂድ፣ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ማውራት እፈልጋለሁ። እግዚአብሔርን እረኛዬ ብሎ የጠራው የመጀመሪያ ሰው ብዙዎቻችን እንደሚመስለን ዳዊት አይደለም፣ ያዕቆብ ነው። ዘፍጥረት 48 ላይ ግብፅ ውስጥ አልጋው ላይ ሆኖ የዮሴፍን ልጆች ኤፍሬምንና ምናሴን ሲባርክ ነው የተናገረው፣ ዕድሜዬን ሙሉ እስከዛሬ እንደ እረኛ የመገበኝ አምላክ ይላል። ይሄ ሰው ራሱ እረኛ ነው፣ ያውም ላባ ቤት ሃያ ዓመት ያገለገለ። ዘፍጥረት 31 ላይ ለላባ ሲናገር ቀን ሐሩር ሌሊት ቁር ይበላኝ ነበር፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ፣ ደሞዜን አስር ጊዜ ለዋወጥክብኝ ይለዋል። አሰሪ እንዴት እንደሚበድል ያውቃል ማለት ነው። ከዛ መንገድ ላይ ቤተልሔም አጠገብ ራሔል ወልዳ ሞተችበት። የዮሴፍን ልብስ በደም ነክረው አመጡለትና ልጄን አውሬ በላው ብሎ ለዓመታት አለቀሰ። በላዩ ላይ ረሃብ መጣ። 130 ዓመቱ ላይ ፈርዖን ፊት ሲቆም ስንት ዓመትህ ነው ቢለው ዘመኖቼ ጥቂትም ክፉም ሆኑብኝ ነው ያለው። ከ17 ዓመት በኋላ ሊሞት ሲል ደግሞ ያው ሰው እረኛዬ ይላል። አየሽው? ሁለቱም ከአንድ አፍ ነው የወጣው። ክፉ ዘመን አይቻለሁ ማለትና እረኛዬ ነው ማለት ያዕቆብ ጋ አልተጣሉም፣ አንቺም ጋ መጣላት የለባቸውም። ማታ ላይ "ጌታ ሆይ በጣም ከፍቶብኛል" ብትይው እምነት ጎደለሽ ማለት አይደለም፣ እሱ ያዕቆብ ያደረገው ነው፣ መዝሙር 13ም "እስከ መቼ" ብሎ ነው የሚጀምረው።

አሁን ረሃቡ ጊዜ ምን እንዳደረገ ተመልከቺ። ዘፍጥረት 42 መጀመሪያ ላይ ያዕቆብ ግብፅ እህል እንዳለ ሰማ። ልጆቹ ቤት ተቀምጠው እርስ በርስ ይተያያሉ። ምን አላቸው? ለምን ትተያያላችሁ፣ ግብፅ እህል እንዳለ ሰምቻለሁ፣ ውረዱና ሸምቱልን፣ እንድንድን እንዳንሞት አላቸው። አህያ ጭነው ብር ይዘው ወረዱ። ይሄ ነው እግዚአብሔርን እረኛዬ ያለው ሰው! ቤት ቁጭ ብላችሁ ጹሙ ጸልዩ እህሉ በራፍ ላይ ይመጣል አላለም፣ ሸመታ ነው የላካቸው። አክስትሽ ደውላ አጋሮ ስራ አለ ስትልሽ በጆሮሽ የሰማሽው "ግብፅ እህል አለ" የሚለውን ነው። መሄድሽ እረኛውን መከተል ነው። ጌታ ስለ ሰማይ ወፎች ሲናገርም አይዘሩም አያጭዱም ያለው እውነት ነው፣ ግን ወፍ ጎጆዋ ላይ አፏን ከፍታ ስትጠብቅ የሚያበላት እናቷ እስክታሳድጋት ነው፣ ከዛ በኋላ ጠዋት ተነስታ ትበርራለች። ጳውሎስም ቆሮንቶስ ውስጥ ድንኳን እየሰፋ ነው ወንጌል የሰበከው።

አንድ ሌላ የያዕቆብ ነገር አለ፣ እሱን ላንቺ ብዬ ነው የማነሳው፣ ምክንያቱም የምታጠቢ እናት ነሽ። ዘፍጥረት 33 ላይ ኤሳው ና አብረን እንሂድ ሲለው ያዕቆብ እምቢ አለ፣ በጎቼና ከብቶቼ የሚያጠቡ ናቸው፣ አንድ ቀን ብቻ ቢያቻኩሏቸው ሁሉም ይሞታሉ፣ እኔ እንደነሱና እንደ ልጆቹ እርምጃ በቀስታ እመጣለሁ አለው። የበግ ሰው ነው የሚያወራው፣ በሙያዬም ትክክል ነው የምልሽ። የምታጠባ በግ ውሃዋም ምግቧም ከሌላው ይበዛል፣ ከመንጋው ጋር እኩል አስሩጠሽ ብታውያት ወተቷ ይቀንሳል፣ ግልገሏ ከኋላ ይቀራል፣ ማታ ስትመለሺ ሁለቱንም ልታጪ ትችያለሽ። ደህና እረኛ እሷን አይቶ ነው እርምጃውን የሚቀንሰው። ከያዕቆብ ብዙ ዘመን በኋላ ኢሳይያስ 40 ላይ ስለ እግዚአብሔር የተጻፈው ደግሞ ጠቦቶቹን በብብቱ ይሸከማል "የሚያጠቡትንም በቀስታ ይመራል" የሚል ነው። ይሄን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ አልጋሽ አጠገብ ለጥፊው። ጌታ አንቺን ከሌሎቹ ጋር እኩል አልሮጥሽም ብሎ አይቆጣሽም። በስድስት ወር ዕዳሽን ካልከፈልሽ፣ ባለፈው ዓመት ታገለግይ እንደነበረው ካላገለገልሽ፣ ሌሊት ጸሎት ላይ ካልተገኘሽ የሚል እረኛ አይደለም። ካንቺ ጋር ቀስ ይላል።

የጎረቤትሽ ምግብ ነገር ለኔ ቀላል ጥያቄ ነው፣ ጅማ ውስጥ ያደገ ሰውም የሚከብደው አይመስለኝም። ተቀበይ፣ አመስግኚያቸው። ኤልያስን አስቢው፣ 1ኛ ነገሥት 17። ድርቅ ነው፣ እግዚአብሔር ራሱ ወደ ኮራት ፈፋ ሂድ አለው፣ ቁራዎች አበሉት፣ ከፈፋው ጠጣ። ከዛ ፈፋው ደረቀ። እግዚአብሔር ያሳየው ፈፋ ነው የደረቀው! ኤልያስ ስላላመነ አይደለም፣ ዝናብ ስላልዘነበ ነው የሚለው ቃሉ። ቀጥሎ የተላከው ሲዶና አጠገብ ሰራፕታ የምትባል ከተማ ነው፣ ከእስራኤል ውጪ፣ የእስራኤልን አምላክ ከማያመልክ ህዝብ መሃል፣ አንዲት መበለት ቤት። ጌታ ኢየሱስ ይሄን ታሪክ ናዝሬት ምኩራብ ውስጥ ሲያነሳባቸው እንዴት እንደተቆጡ ሉቃስ 4 ላይ አንብቢው። እረኛው በየትኛው እጅ እንደሚያበላሽ አንቺም አትመርጪለትም እኔም አልመርጥለትም። የስጋው ጉዳይ ህሊናሽን ከከበደሽ በግልጽ ንገሪያቸው፣ ጅማ ላይ ተዋልዶ ተጎራብቶ የኖረ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ሽሮ ወይ ምስር ይሰሩልሻል፣ አይቀየሙሽም። አንቺም ሲመቸሽ ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው።

እንቅልፉ ግን ቀላል ነገር አይደለም፣ እባክሽ ይሄን አትዝለይው። ወልዳ ወራት ያለፋት እናት ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ ምግብ አላሰኝ ሲላት፣ ቀኑን ሙሉ እንባ እንባ ሲላት ይሄ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ይችላል፣ ብዙ እናቶችን ይይዛል፣ ህክምናም አለው። አቅራቢያሽ ያለው ጤና ጣቢያ ሄደሽ ልክ ለኔ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው፣ ካስፈለገ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ፣ ይልኩሻል። የምታጠቢ መሆንሽን ንገሪያቸው፣ መድሃኒት የሚመርጡት እሱን አይተው ነው። ራስሽን ወይ ልጁን የመጉዳት ሃሳብ መጥቶብሽ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሂጂ፣ ነገ አትበይ፣ ባለቤትሽን ወይ ጎረቤትሽን ይዘሽ ሂጂ። ይሄም እምነት ማጣት አይደለም። ኤልያስ ራሱ ከድል ማግስት ክትክታ ዛፍ ስር ተጋድሞ ይበቃኛል ነፍሴን ውሰድ ብሎ ነበር። መልአኩ መጥቶ አልገሰጸውም፣ ስብከት አልሰበከለትም። ቀሰቀሰው፣ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ራስጌው ነበር፣ በላ ጠጣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛ ቀስቅሶት መንገዱ ሩቅ ነው ብላ አለው። ንግግሩ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። ብይ፣ ተኚ፣ ታከሚ።

ሌሊት መጸለይ ሲያቅትሽ ምን ልበል ብለሻል። መዝሙሩን ከቁጥር 4 ጀምረሽ በይው። እስከዛ ድረስ ዳዊት ስለ እግዚአብሔር ነው የሚያወራው፣ ያሳድረኛል ይመራኛል እያለ፣ የሞት ጥላ ጋ ሲደርስ ግን ዞሮ "አንተ ከእኔ ጋር ነህ" ይለዋል። አንቺ ያለሽው እዛ ቦታ ላይ ነው፣ ከመጀመሪያው ለመጀመር መገደድ የለብሽም። አንድ መስመር ብቻ ብለሽ ብታቆሚ በቂ ነው።

ባለቤትሽ ደብዳቤሽ ውስጥ እየተሸማቀቀ ነው የሚታየኝ፣ ማታ አምሽቶ ይገባል፣ አያወራም ብለሻል። እሱም በግ ነው እኮ፣ ቤቱን እኔ ነኝ የጣልኩት ብሎ እየታመመ ነው የሚመስለኝ። አንድ ቀን ልጁን አስተኝታችሁ አብራችሁ ቁጭ በሉና ዕዳውን በወረቀት ጻፉት፣ ለማን ስንት መቼ የሚለውን፣ ከዛ አበዳሪዎቹን ተደብቆ ከመኖር አብሮ ሄዶ ጊዜ ስጡን ማለት ይሻላል፣ ቡና ነጋዴ መክሰርን ያውቀዋል። ለቤተክርስቲያናችሁም ንገሩ፣ ለዛ ሰውዬ ሳይሆን ለመጋቢያችሁና ለዲያቆናቱ። ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ዲያቆናት የተመረጡት ምግብ ለማደል ነው፣ የተቸገረን ቤት መርዳት ስራቸው ነው፣ ስትነግሪያቸው እያስቸገርሽ አይደለም።

ማመልከቻውን በተመለከተ፣ አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ወጥተሽ ከሰዓት መመለስ ትችያለሽ። የዲግሪሽን ኮፒና የስራ ልምድ ደብዳቤሽን ያዢ። የቀድሞው ቤት የልምድ ደብዳቤ አልሰጥም ካለሽ ደግሞ መብትሽ ነውና በጽሁፍ ጠይቂያቸው፣ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ቦታሽን ያጣሽበትንም ጉዳይ የአሰሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው የመንግስት ቢሮ ሄደሽ አማክሪ። ቤተክርስቲያን ውስጥ ሂሳብ የሚያስተምር አንድ ወንድም አለ፣ ሲቪሽን ሊያይልሽ ፈቃደኛ ነው፣ ከፈለግሽ ጻፊልኝና አገናኛችኋለሁ። ከአጋሮ ስትመለሺም ምን እንዳሉሽ አሳውቂኝ፣ በጸሎት አብሬሽ ነኝ። ተባረኪ እህቴ።